ደጃቸው ላይ የቀላው አበባ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ ተሻለው ወይስ ዛሬም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ያስይዝሻል? ጋሼስ? እማዬ መድኃኒቷን ሳትነጫነጭ ትውጣለች? አባዬስ እንዴት ነው? ባለፈው በስልክ «ማን ልበል?» ሲለኝ ሳቅ ብዬ ዘጋሁት እንጂ ቀኑን ሙሉ እህል አላሰኘኝም። እኔ ጤናዬ ደህና ነው። የጠፋሁት ግን ያለ ምክንያት አይደለም።

የምሠራላትን ባለ ንብ አሮጊት አንስቼልሽ ነበር። እኛ ሠራተኞቿ «ትልቋ ንግሥት» ነው የምንላት፤ በየቀፎው አንድ አንድ ንግሥት አለች፣ እሷ የሁሉም የበላይ ናት።

ከግቢያችን ጀርባ እዚህ ፈረንጅ አገር ቼስትነት የሚባሉ ትልልቅ ዛፎች ተሰልፈዋል። ቅጠላቸው እንደ ተዘረጋ መዳፍ ነው፤ አበባቸው እንደ ጧፍ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ንቦቹ በብርዱ ወራት ስንቃቸውን ጨርሰው የሚጠብቁት ይህንኑ አበባ ነው። አሮጊቷ አበባው በፈነዳ ቁጥር በቀጭን የመስታወት ቱቦ የአበባውን ወለላ ጠብታ ትስብና፣ ስኳሩን በምትለካበት ትንሽ መነጽር ወደ ብርሃን አዙራ ታየዋለች። በደህና ዓመት የጠብታው ግማሽ ያህል ስኳር ነው። ዘንድሮ አበባው እንደ ፈነዳ ዝናብ ያዘ፤ አለቅም አለ። አይታ መነጽሩን አቀበለችኝ። ውኃ ነው ማለት ይቻላል። መልሳ ተቀበለችኝና በቀሚሷ ጠርጋ ኪሷ ከተተችው።

ለንቦቹ ስኳር በጥብጠን አቀረብንላቸው። ብርዱ ግን ጠና፤ ያሞቅነው ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ የቀዘቀዘውን ደግሞ ንብ አይነካውም። ድስቱን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ከማድ ቤት ቀፎ፣ ከቀፎ ማድ ቤት ስመላለስ እግሬ ቀጠነ። ጆሮዬን ቀፎው ላይ ስለጥፍ ድምፃቸው እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ።

ፀሐይ የወጣች ቀን ደስ ብሎን ወደ ዛፎቹ ሮጥን። የዚህ አበባ ነገር እንዲህ ነው፤ ወለላ ሳለው መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብ ይኖረዋል፣ ወለላው ሲነጥፍ ነጥቡ ይቀላል። ቀዩን ንብ ዞራ አታየውም። ቀና ስንል ዛፉ ከላይ እስከ ታች ቀልቷል።

ቀፎዎቹን ከፈትን። ንቦቹ ባዶው የማር እንጀራ ቀዳዳ ውስጥ ጭንቅላታቸውን እንደ ደፉ ሞተዋል፤ የመጨረሻዋን ጠብታ ሲልሱ ነው። ሁለት ቀፎ ብቻ ተረፈ፤ እሱም እንደ ነገሩ። አሮጊቷ ጎንበስ ብላ ከሞቱት እፍኝ ሙሉ አነሳችና «አበባው ደጃቸው ላይ ቆሞ?» አለች።

በማግስቱ ሌሎቹን ሠራተኞች አሰናበተች። እኔን ለብቻ ጠርታ ሁለቱን ቀፎ ይዤ እንድቆይላት ለመነችኝ። ሰው ስትለምን አይቻት አላውቅም፤ እሺ አልኳት። እንግዲህ እትዬ፣ ዘንድሮ እመጣለሁ ያልኩት ቀረ። ብትቀየሚኝ አልፈርድብሽም። እስከ ከርሞ አባዬ መልኬን ይለየው ይሆን እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት እከርማለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ጋሼን መኪናው ዛሬም በግፊ ነው ወይ የሚነሳው በይልኝ። ትንሿን ልጅሽን ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ። አባዬን ግን አጠገቡ ቁጭ ብለሽ አንድ ነገር ጠይቂልኝ፤ የደከሙ ሁለት ቀፎዎች ንቦቹ ሳይጋደሉ እንዴት ነው የሚዋሃዱት? ልጅ ሳለሁ በራሱ ቀፎዎች ሲያደርገው አይቻለሁ፣ ልብ ሳልል ቀረሁ። ቢምታታበትም አታርሚው። ያለሽን ሁሉ፣ እንዳለ፣ ጻፊልኝ።

ናፋቂሽ ወንድምሽ
ከቀፎዎቹ ማዶ ካለችው ክፍሌ
ግንቦት 22 ቀን