በግራ በኩል፣ ከክንፉ ፊት

እማዬ፣ ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ጎረቤቱ፣ ግቢው፣ ያቺ ቀበኛ ፍየል ሳትቀር ደህና ናችሁ ወይ? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ተናድጄ ነው እንጂ። መነጽርሽን አድርገሽ ራስሽ አንብቢው። ለወለተሐና እንዳትሰጫት፤ እሷ እጅ የገባ ደብዳቤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ይሰማል።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከቤት ወጥተሽ ወደ ሰማይ እዪ ብዬሽ ነበር። ነገሩን ሳምንት ሙሉ አጥንቼዋለሁ። ወደ ዳሬሰላም የሚበር ሰው ነጌሌን በግራው ያልፋታል፤ ክንፍ ደግሞ ይጋርዳል። ስለዚህ በግራ በኩል፣ ከክንፉ ፊት፣ መስኮት ዳር ያለውን ወንበር መረጥኩ። ሰው ትዳር እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይመርጥም።

ስገባ ወንበሬ ላይ አንድ የቦረና ሽማግሌ ተደላድለዋል። ሀላኬ ይባላሉ፤ እዚህ ዳሬሰላም ከባድ መኪና የሚነዳ ልጃቸውን ሊጠይቁ ነው የሚሄዱት። ጥፋቴን ልንገርሽ፦ ሰላም አልኳቸው። አካም፣ ናጋ፣ ሰዉ ናጋ፣ ከብቱ ናጋ፣ ዝናቡስ ጣለ ከተባባሉ በኋላ ሽማግሌን “ይነሱልኝ” የምትል ልጅ ነጌሌ ገና አላበቀለችም። መሃል ላይ ተቀመጥኩ።

ከመነሳታችን ራሴን አዞረኝ ብለው የመስኮቱን መከለያ ዘጉት። ዘጉት፣ እማዬ! አባቴ፣ ትንሽ ይክፈቱልኝ፣ እናቴን ላያት ነው ብዬ ለመንኳቸው። እናትሽ ሰማይ ላይ ናት ወይ አሉኝ። ነጌሌ ናት አልኩ። ታዲያ አውቶቡስ ጠፋ? አሉ። መንገዱ ቦሬ ላይ ተዘግቷል አልኳቸው፤ ለአንቺም በስልክ ያልኩሽን። ለካ ሰውዬው እሁድ ዕለት በዚያው መንገድ ነው የመጡት! ጭቃ እንኳ አላየሁም ይላሉ። የሰው ወንበር ይዞ ደግሞ ምርመራ! በየትኛው ሕግ ነው?

ስለዚህ አንቺን ያለፍኩሽ መከለያ እያየሁ ነው። ጎረቤቱን ሰብስበሽ ነጠላሽን ስታውለበልቢ እንደነበር አውቃለሁ፤ አትንገሪኝ።

ከዚያ ሆዴ አላስቀምጠኝ አለ። ሦስት ጊዜ እያቅለሸለሸኝ ስነሳ፣ በመተላለፊያው በኩል የተቀመጠውን ጎልማሳ “ተነስ፣ ትለፍበት” እያሉ የሚያስነሱት እሳቸው ነበሩ። በሦስተኛው ስመለስ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው መከለያውን ከፍተው ወንበሬን ለቀቁልኝ። ከታች ባሕር ብቻ ነበር። ባሕር ምን ያደርግልኛል?

ስንወርድ፣ አንዲት ቃል ሳልነግራቸው፣ እንትፍ እንትፍ ብለው መረቁኝ። ምርቃቱን አልጽፈውም፤ ተናኘ አቡሽን ልትወልድ ስትል አንቺ ራስሽ የመረቅሻት ነው። የማያውቁኝ ሰው በአንድ በረራ ከደረሱበት፣ አንቺ ገና ከበሩ ላይ ፊቴን አይተሽ ነበር የምታውቂው። ያልመጣሁት ለዚህ ነው።

ጥቅምት ላይ እዚህ አገር ገንፎ የሚያገነፋልኝ የለም። ቁጣሽን በስልክ አታባክኚው፤ ይዘሽው ነይ።

እመብርሃን ከክፉ ትከልልሽ፤ ዕድሜሽን ታርዝምልኝ።

ሳትሰናበትሽ የሄደችው ልጅሽ