የእኔን ቁልፍ ስጠው ብዬህ ነበር

ለውድ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህን የሚይዝህ ሕመም ተወህ ወይ? ባለቤትህስ፣ ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ከብርዱ ጋር ታርቋል። ሰላምታዬ ከልቤ ነው፤ ንዴቴም እንደዚያው።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ለተማሪዎች የማዘጋጀውን የሒሳብ መልመጃ በኢንተርኔት የሚያወጣውን የኮምፒውተር መሣሪያ የተከልክልኝ አንተ ነህ። ገጹ የሚቀመጥበትን የኪራይ ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩን፣ ራሱ አሰናድቶ ገጹን ራሱ ይጭናል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን በማን ቁልፍ እንደሚገባ ይጠይቃል። እኔም ሰርቨሩ ውስጥ ከሩቅ የሚያስገባውን፣ የኤስ ኤስ ኤች የሚባለውን የራሴን ቁልፍ አዘጋጅቼ፣ ሚስጥሩን ግማሽ እዚሁ ኮምፒውተሬ ላይ አስቀምጬ፣ ለሰርቨሩ የሚሰጠውን ግማሽ ልኬልህ ነበር። አንተ ግን «እትዬ፣ ደግሞ ነገር ስታበዢ! ባዶውን ተይው፣ መሣሪያው የራሱን ይፈጥራል» አልከኝ። ፈጠረ። የፈጠረውም አንተ ጋ ቀረ።

ማክሰኞ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ መጣች። ልጇ አንዱን የክፍልፋይ ጥያቄ በትክክል ሠርታ፣ ከገጹ መልስ ጋር አልገጥም ሲላት የራሷን ሰረዘች። አየሁት። ስተይብ አንድ ቁጥር አምልጦኛል። ልጅቷ ልክ የነበረውን በእኔ ቃል አጠፋችው! ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ሁሉ እየተጠራጠረች ትሰርዛለች አለችኝ እናቷ። ፈተናው ደግሞ ደርሷል።

ላርመው ብሞክር ሰርቨሩ አላስገባ አለኝ። ስደውልልህ እየሳቅህ «ቁልፉማ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ ነበር፤ ውስጡ ያለውን ሁሉ አጥፍቼ ሸጥኩት እኮ» አልከኝ። ደሜ ፈላ! ኪራዩን የምከፍል እኔ፣ በስሜ የተመዘገበ፣ ደጁ ላይ ቆሜ የማንኳኳውም እኔ! ይባስ ብለህ «ለአንድ መልስ ይሄን ያህል?» ትለኛለህ። እንዲህ የሚል ሰው እኔ እጅ ላይ አደገ ብዬ ለማን ልናገር?

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ኪራዩ በስሜ ስለሆነ በአከራዩ ድርጅት በኩል ሰርቨሩን አፍርሼ መሣሪያውን እንደ አዲስ ራሴ አስነሣሁት። ቁልፍ ሲጠይቀኝ የራሴን ሰጠሁት፤ ገባ። መልሱን አርሜ ከላዩ ላይ «ስህተቱ የእኔ ነው፤ ልክ ሠርታችሁ የሰረዛችሁ መልሳችሁ ጻፉት» ብዬ አወጣሁ። ልጅቷ መልሳ ጽፋዋለች። ሌሎቹ ተማሪዎች ይዩት አይዩት አላውቅም፤ ፈተናው ነገ ነው።

መሣሪያው የሁለተኛ ሰው ቁልፍም ይቀበላል። መግባት ከፈለግህ የራስህን አዘጋጅተህ የሚሰጠውን ግማሽ ብቻ ላክልኝ። ሚስጥሩን እንዳትልክ፤ እንዳትሸጠውም።

ለባለቤትህ ሰላም በልልኝ፤ ይህንን ደብዳቤ እሷ ፊት አንብበው። ትልቋን ልጅህን ግንባሯን፣ ትንሹን ጉንጮቹን ሳምልኝ። አማትህን እጅ ነሥቻለሁ። አንተም ወገብህን ጠብቅ።

ተናድዳም የምትወድህ እህትህ

ከቤቴ፣ ከመስኮቱ አጠገብ
እሑድ፣ ጥር 17 ቀን