ማንም ውስጥ እንዳይቀር፦ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ የእታለም የሕይወት ታሪክ

ታናናሾቻቸው «እታለም» እያልን የምንጠራቸው ታላቅ እህታችን ከልብስ ሰፊው አባታችንና ከአዋላጇ እናታችን በ1946 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለችው ቤታችን ተወለዱ። በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ በ1966 ዓ.ም. በከተማው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ ፈሪ ነበሩ፤ ጥላቸውን ይፈራሉ እያልን ስቀንባቸዋል።

በቤተ መጻሕፍቱ መዝጊያ ሰዓት ሲደርስ ደወል ይደወላል፣ መብራት ይጠፋል፣ በር ይቆለፋል። ደወል ሰምቶ የማይወጣ ሰው አለ ብሎ ያሰበ ስላልነበር ክፍሎቹን ዞሮ ማየት አልተለመደም። በ1970 ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ እታለም እንደወትሮው ቆልፈው ቤት ገቡ። ለእራት እጃቸውን ሲታጠቡ በምድር ቤቱ ንባብ ክፍል ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ ያዩት ኮት ትዝ አላቸውና ክው አሉ። ኮቱ መስማት የተሳናቸው የአንድ አናጢ ነበር። ማግስቱ እሑድ ስለሆነ እስከ ሰኞ የሚከፍት አልነበረም።

በነጠላ ጫማ እየሮጡ ሲደርሱ ዘበኛው፣ ጋኔን በር ይደበድባል ብለው፣ ከግቢው ወጥተው ቆመዋል። አናጢው በዚያ ጨለማ፣ ሰው ይምጣ አይምጣ ሳያውቁ፣ በሩን ሲደበድቡ እጃቸው ደምቶ ነበር። በሩ ሲከፈት እታለምን ያዟቸው፤ አልለቅም አሉ።

እታለም ይቅርታ ለመጠየቅ ብለው የምልክት ቋንቋ ተማሩ። ይቅርታው ረዘመና በ1973 ዓ.ም. ከእኚሁ አናጢ ጋር ትዳር መሥርተው አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። በሥራቸውም ከደወሉ ጋር መብራት ብልጭ ድርግም እንዲል፣ ለተሽከርካሪ ወንበር መወጣጫ እንዲሠራ፣ የብሬል መጻሕፍት እንዲገቡ ዓመታት ተሟገቱ። ኃላፊው ለጥቂት ሰው ብለን ቤቱን እናፍርስ ወይ ቢሏቸው፣ እርስዎ ሰው ላይ ቆልፈው ስለማያውቁ ነው አሏቸው። መወጣጫው ተሠራ፤ ለተሽከርካሪ ወንበር የሚመቹትን ጠረጴዛዎችም ባለቤታቸው ሠሩ።

ፍርሃቱ ግን አልለቀቃቸውም። እስከ ጡረታቸው ድረስ ከመቆለፋቸው በፊት መጸዳጃ ቤቱን ሳይቀር ያዩ ነበር፤ ማንኳኳትን አያምኑም፣ ከፍተው ነው የሚያዩት። እቤትም ማታ ዕቃ ቤቱን ከቆለፉ በኋላ ውስጥ ማን ቀርቶ ይሆን እያሉ ይጨነቁ ነበር። ልጃቸው፣ ድመቷም ወጥታለች እማዬ፣ ተኚ እያለች ትቀልድባቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ተነስተው ያያሉ።

ባደረባቸው የሳንባ ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ድምፃቸው በጠፋበት በመጨረሻው ቀን፣ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ወይ ብለው ባለቤታቸውን በእጃቸው ጠየቁ። ባለቤታቸውም ማንም የለም፣ ሁሉም ወጥቷል ብለው መለሱላቸው። ሐምሌ 9 ቀን 2015 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና እኛን ታናናሾቻቸውን ትተውን ሄደዋል። የእታለምን ነፍስ ፈጣሪ ማንም በማይረሳበት ቤቱ ያሳርፍልን፤ እኛንም ያጽናን።

ይህ ሲነበብ ልጃቸው ከአባቷ ፊት ቆማ በእጇ ትነግራቸዋለች። ስለዚህ የሚያነቡት ሰው እባክዎ ቀስ ይበሉ፤ እጇ ሲቆም እርስዎም ይቁሙ፣ እስክትቀጥልም ይጠብቋት።