ቦታዬን የወሰደው ማግኔት

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

እጄ ባዶ ነው። በዚህ ሰዓት እጄ ባዶ ሆኖ አያውቅም፤ ለዚህ ነው አንቺን ያነሳሁሽ፣ ማስታወሻዬ።

ሁልጊዜ ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለቤቴ ሱቅ ውስጥ ነኝ። ዳኘው ኮርቻ ይሰፋል፣ እኔ ባትሪ አበራለታለሁ። ሱቁ አራቱም ጎኑ ቆርቆሮ ነው፣ መስኮት የለው። መብራት ሲኖር አምፖሉ ከጀርባው ስለሆነ የራሱ ጥላ ስፌቱ ላይ ይወድቅበታል። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ያው ጠፋ። ስለዚህ እሱ በሁለት እጁ ይሰፋል፣ ሦስተኛው እጁ እኔ ነኝ። ከተጋባን ጀምሮ።

ዛሬ ስገባ ሌላ ሦስተኛ እጅ አብቅሎ አገኘሁት። ክብ እግር አለው፣ ታቹ ማግኔት። ከእግሩ ላይ እንደ ሻወር ጎማ የሚተጣጠፍ አንገት። ጫፉ ላይ የልብስ መቆንጠጫ የመሰለ መንጋጋ፤ ባትሪዬን ነክሶ ይዟታል። አዎ፣ የእኔን ባትሪ። ቆርቆሮው ላይ ሲያስጠጉት ቋ ብሎ ይለጠፋል። ወዲህ ካሉት ወዲህ፣ ወዲያ ካሉት ወዲያ፣ ባሉት ይቀራል። አይደክመው፣ አያስነጥሰው፣ አያወራ።

ዳኘው ከእንግዲህ እረፊ አለኝ። ጉልበትሽም ያምሻል አለ። አመሰገንኩና ወጣሁ። ቤት ቁጭ ካልኩ በኋላ ነው ግራ የገባኝ። ጉልበቴን ያመመኝ እኮ ሐምሌ ላይ ነበር።

ለአንቺ ብቻ ልንገርሽ፤ ዐምዴ የሚበቅለው እዚያ ሱቅ ውስጥ ነው። በየወሩ በምጽፍበት መጽሔት ላይ አንባቢ የሚስቅበት ወሬ ሁሉ ባትሪ ይዤ የለቀምኩት ነው። ኮርቻ የሚያሠራ ሰው እስኪሰፋለት ቁጭ ብሎ ያወራል። ባትሪ የያዘችን ሴት ደግሞ ማን ልብ ይላታል? ሰው ብርሃኑን ነው የሚያየው።

ታኅሣሥ 16፣ ሐሙስ

ሄድኩ። ባዶ እጄን እንዳልሆን የሽምብራ ንፍሮ ይዤ።

አያ ምንችል ነበሩ። ሰባ ያለፋቸው ፈረሰኛ ናቸው፣ ከጥሊሊ መንገድ። የጥር ጊዮርጊስ ዕለት፣ በፈረሰኞች በዓል፣ ሜዳው ላይ ከፊት ካልጋለቡ ዓመቱ የዞረ የማይመስላቸው። ኮርቻቸውን ሊያሳድሱ ሰጥተዋል። ሌሎች ሁለት ሰዎችም ነበሩ። ሁሉም በአገውኛ ያወራሉ።

ይኸውልሽ ነገሩ። እኔ ባትሪ ስይዝ በአማርኛ ነበር የሚያወሩት። ደንብ ነው፤ ብርሃን የያዘልህን ሰው በማይሰማው ቋንቋ አታወራበትም፣ ነውር ነው። እኔ የዳንግላ ከተማ ልጅ፣ አገውኛዬ ከሰላምታና ከ«ብሉ» አያልፍም። ዛሬ ብርሃኑን የያዘው ማግኔት ነው። ማግኔት ምን ይከፋዋል? ወሬው ሁሉ በጆሮዬ አጠገብ አለፈ፣ አንድም አልያዝኩ።

አያ ምንችል ብቻ አዘኑልኝ መሰል በአማርኛ አንድ ነገር ጣል አደረጉ፦ «ልጄ፣ ሹመትሽን ብረት ወሰደው እኮ።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከሱቁ እስከ ቤት ግን አልሳቅኩም።

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ገባኝ። ገባኝ መሰለኝ።

ያለፈው ወር ዐምዴ። የተዋሰውን ፈረስ የራሴ ነው እያለ ስለሚፎክር አንድ ሰው ጽፌ ነበር። ስም የለ፣ ቀበሌ የለ፣ የፈረሱ መልክ እንኳ የለ። ሦስት ሰዎች «እኔን ነው» ብለው ዳኘው ዘንድ ቅሬታ ይዘው መጥተዋል። ሦስት! እኔ ያሰብኩት አራተኛውን ነበር፤ እሱ ደግሞ መጽሔቱን ገዝቶ አንብቦ፣ የማን ነገር ይሆን እያለ ለሰው አስነብቧል አሉ።

እንግዲህ ማግኔቱ የመጣው ለዚህ ነው ማለት ነው። በትሕትና መባረር።

ማታ ፊት ለፊት ጠየቅሁት። አይደለም አለ። ታዲያ ለምን? ለጉልበትሽ አለ። የሚናገረው ለእኔ፣ የሚያየው ቆዳውን። መርፌ ከእጁ ወደቀች። ጎንበስ ብሎ አልፈለጋትም፤ ማግኔቱን ከግድግዳው ነቅሎ መሬቱን እንደ መጥረጊያ ጠረገበት። ሦስት መርፌ ተንጠልጥሎ ወጣ። አንዷ ከመቼ ጀምሮ እንደጠፋች እንጃ፣ ዝጋለች። በሳቅ ፈረስኩ። እሱ አልሳቀም።

ዳኘው በእንዲህ ያለ ነገር የማይስቅ ሰው አልነበረም። ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ ዳ. ብቻ ነው። ተቀይሜዋለሁ።

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል

በችኮላ ነው የምጽፈው፣ ጽሑፌን ይቅር በይኝ።

ዳ. ውኃ ሊቀዳ ወጣ ሲል ገባሁ። የማግኔቱ እግር ዙሪያውን መርፌ ተለጥፎበታል። ዐሥር። ዐሥሩም ክር ገብቶላቸዋል። በሰም የታሸ ክር፣ ርዝመቱ እኩል፣ ቋጠሮው ጥርት ያለ። ዳ. እንዲህ አይቋጥርም፤ የዳ. ቋጠሮ የፍየል በጠጥ ነው የሚመስለው። ይሄ የሴት ቋጠሮ ነው።

የክሩ ጫፍ ደግሞ በጥርስ ተነክሷል። ቀይ ነገር ነክቶታል። የከንፈር ቀለም።

በዚህ ሠፈር በጾም ከንፈሯን የምትቀባ አንዲት ናት። የሺ። ከሱቁ ቀጥላ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫና ባትሪ የምትሸጠው የሺ። ማግኔቱንም የሸጠችለት እሷ ናት። የእኔ ጓደኛ የሺ፤ ያለ እኔ ጸጉሯን የማትሠራው።

ለአንባቢዎቼ ስንቴ ጽፌያለሁ፣ እህቴ ሆይ አትጠርጥሪ፣ ጠይቂ እያልኩ። አሁን ምን ብዬ ልጠይቅ? ባሌን መርፌ ለምን አጎረስሽው ልበላት?

ታኅሣሥ 23፣ ሐሙስ

ሄጄ ጠየቅኋት። እያዞርኩ።

ስለ ማግኔቱ ስጀምር ነጋዴ ሆነችብኝ። ከባ/ዳር ነው ያስመጣሁት፤ የሚኒባስ ክዳን ላይ ቢለጠፍ ይይዛል፤ ብረት ምጣድ ላይም ቢሆን፤ ለአንቺም ለወጥ ቤት አንድ ልስጥሽ፣ ጓደኛዬ አይደለሽ? ስለ መርፌው ስጠይቅ ዓይኗን ስልኳ ላይ ተከለች። እኔ ምን አውቄ አለች። የሺ ስትዋሽ ታምራለች፤ ጉንጯ ይቀላል።

ቤት ገብቼ ዐምድ ጀመርኩ። ርእሱ «ጎረቤትሽ ክር ስታስገባ»። ግማሽ ገጽ ጥሩ ሄደልኝ፣ እንዲያውም ሳቅኩ። ከዚያ ቀደድኩት። ከዚያ የተቀደደውን ሰብስቤ ገጣጠምኩት። ከዚያ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ምን እንደምፈልግ አላውቅም። ዳ. እራቱን በልቶ ተኛ። ድሮ ባትሪውን ይዤ ነበር የቀኑን ሁሉ የምናወራው፤ ቤት ስንገባ ወሬያችን አልቆ ነው የምንገባ። አሁን ወሬው የሚወራበት ቦታ የለም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ገበያ ነው። ዳ. ቆዳ ሊገዛ ወጥቷል። ቁልፍ አለኝ። ገባሁ።

ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ ነው የገባሁ። የከንፈር ቀለም ያለበት ስኒ? ደብዳቤ? እንጃ። ዱካው ላይ ተቀመጥኩ፣ እሱ በሚቀመጥበት። ባትሪውን አበራሁ። ብርሃኑ ዓይኔን ወጋኝ፤ አንገቱ ታጥፎ ታጥፎ ስፌቱ ሊሆን የሚገባበት ቦታ ለመድረስ አንዲት ስንዝር ብቻ ቀርታዋለች። ከአፍንጫዬ ሥር ማለት ነው። ሰው እንዲህ አስጠግቶ ምን ይሠራል? እኔ ስይዝለት በክንድ ርቀት ነበር።

ሥራው ላይ ያለው የአያ ምንችል ኮርቻ ነው። ጠፍሩን አነሳሁት፤ ያ በፈረሱ ሆድ ሥር ዞሮ ኮርቻውን የሚይዘውን።

የዳኘው ስፌት ማተሚያ ቤት የወጣ ነው የሚመስለው። ይሄ አይደለም። መስመሩ ወደ ጠርዝ ሄዶ ተመልሷል። ሁለት ቦታ ላይ በወስፌ የተበሳው ቀዳዳ ባዶ ነው፣ ክሩ ከጎኑ ቆዳውን ቀድዶ አልፏል። ጎተት አደረግሁት። ላላ።

አያ ምንችል ይህን አስረው ነው የሚጋልቡት። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በሙሉ ግልቢያ፣ ከሜዳው ፊት።

ጠፍሩን መልሼ አስቀመጥኩት። ቆለፍኩ። ወጣሁ። የሺ በሯ ላይ ቆማ አየችኝ። አልተሳለቀችም፤ አለቀሰች። ያኔ ነው ነገሩ ሁሉ ዞሮ የገባኝ።

ታኅሣሥ 26፣ እሑድ

ሌላ ሴት ብትሆን ምን እንደማደርግ አውቅ ነበር። እጮህ ነበር። ይሄኛውን እንዴት ነው የሚጮኹት?

ብናገር ሥራው ያልቅለታል። የሚታወቅበት ስፌቱ ነው፤ አንድ ሰው ዘንድ ጥርጣሬ ከገባ ፈረሰኛ ሁሉ ወደ ዳንግላ ይሄዳል። ዝም ብል ሰው ይወድቃል። ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሁለቱን ስመዝን ዋልኩ። ምን እንደተነበበ አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 27፣ ሰኞ

አያ ምንችል ለገና ፈረሱን ላለማምድበት ብለው ኮርቻውን ሊወስዱ መጡ። ዳኘው አንስቶ ሰጣቸው። እጃቸው ላይ ሳይደርስ መሃል ገባሁ። አላለቀም አልኩ። ዳኘው አልቋል አለ። አላለቀም አልኩ፣ ጠፍሩን ያዝኩ። አያ ምንችል አንዴ እኔን አንዴ እሱን አዩና፣ ባልና ሚስት ሲጎትቱት ኮርቻ ይቀደዳል፣ ከገና በኋላ እመጣለሁ ብለው ወጡ።

በሩን ዘጋሁ። ጠፍሩን ብርሃኑ ሥር አድርጌ፣ ጣቱን ይዤ ባዶው ቀዳዳ ላይ አስቀመጥኩለት። በጣቱ አወቀው። በዓይኑ አልነበረም ያወቀው።

ከመስከረም ጀምሮ ነው አለ። ጉም ነው የሚመስለው፤ መስቀል ሲያልፍ ይገፈፋል ብዬ ነበር አለ። መርፌ ማስገባት ያቃተው ጊዜ የሺ አይታው፣ ማንም አይሰማም ብላ በየጠዋቱ ታስገባለታለች። ማግኔቱንም ያመጣችለት እሷ ናት፣ ብርሃኑን እንዲያስጠጋ። እኔ ስይዝለት ጠጋ አድርጊው፣ ጠጋ አድርጊው ባለኝ ቁጥር እንዳላውቅበት ፈርቶ።

ለምን ለእኔ አልነገርከኝም አልኩት።

«ለአንቺ መንገር ለአገር መንገር ነው» አለ።

በቁጣ አይደለም ያለው። እንደ አየር ሁኔታ ነው የነገረኝ። ጠፍሩን አንስቼ ስፌቱን መፍታት ጀመርኩ።

ጥር 2፣ ቅዳሜ

ዐውደ ዓመቱ አለፈ። ስፌቱን ፈትቻለሁ፤ አሁን የምሰፋው እኔ ነኝ።

ዱካው ላይ እኔ፣ ከጎኔ እሱ። ብርሃኑ በክንድ ርቀት ግድግዳው ላይ። ሁለት መርፌ በአንድ ቀዳዳ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፤ ለካ ለዚህ ሁለት እጅ ያስፈልጋል። ዳኘው በአውራ ጣቱ ስፌቱን እየዳሰሰ ይመራኛል። ይቺ ሰፋች። ይቺ ጠበቀች። ይቺን ፍቺ። ፍቺ። ፍቺ። ሦስት ጣቴ ተወግቷል። ተሳደብኩ፤ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

አያ ምንችል መጡ። እኔ አፌን ዘግቼ፣ ራሱ ዳኘው ነገራቸው። ጠፍርዎን የሰፋችው እሷ ናት፣ እኔ ዓይኔ አያይም፣ ካልፈለጉ ገንዘብዎን ልመልስ አላቸው። ሽማግሌው ጠፍሩን በሙሉ ኃይላቸው ጎተቱት። ደገሙት።

«እኔም ሁለት ዓመቴ ነው፤ ፈረሱ ነው የሚያይልኝ» አሉ።

ለማንም እንዳትነግሩ አሉ ቀጥለው። ይህን ሲሉ ያዩት ዳኘውን አይደለም።

ጥር 3፣ እሑድ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

አዘጋጁ ደወለ። የጥር ጊዮርጊስን የፈረስ ግልቢያ ምክንያት አድርጌ የባለቤቴን የኮርቻ ሥራ እንድጽፍለት ይፈልጋል። አንባቢ ያለቅሳል አለኝ። እኔም አውቃለሁ፣ ያለቅሳል። የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ተሰፍቶ አልቋል፤ እንዴት እንደሚያምር ብታይው። አልጽፍም አልኩት። ታዲያ ምን ትልኪልኛለሽ አለ። እንጃ፣ ስለ ድንች አልኩት።

ዳኘው ሐኪም ከጊዮርጊስ በኋላ ብሎ ነበር። ነገ ነው አልኩት። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ሐኪሙ የሚለው ምንም ይሁን ምን በእኔና በእሱ መሃል እንዲቀር። እሺ አልኩ። የትም እንዳትጽፊው አለ። የትም አልኩ።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ ባ/ዳር ነን። ሱቁን የሺ ትጠብቃለች።

የትም ብያለሁና አንቺም አለሽበት፣ አትቀየሚኝ። ስመለስ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን፤ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዓሣው፣ የሐኪሙን ግን