«ከልጅነቷ ጀምሮ» የሚለው ቃል መሰረዙን ለአባቴ የጻፍኩት

ይድረስ ለአባቴ ለሻምበል ባሻ ሆበርት ኮምብስ፣ ሃዛርድ፣ ኬንታኪ።

አባዬ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ ደረጃውን እሺ ይላል? እህቴ ዳርሊን በስልክ እንዳጫወተችኝ ክረምቱን ሙሉ ሳሉ አልለቀቀዎትም፤ ሐኪሙ ያዘዘልዎትን መድኃኒት ግን መሳቢያ ውስጥ ወርውረው ረስተውታል። ስለ ልጅነቴ ብለው ይውሰዱት። የዳርሊን ወገብ ተሻላት ወይ? ወንድሜ ኤርል የድንጋይ ከሰሉን ሥራ ከተወ ወዲህ ትንፋሹ እንዴት ሆነለት? አክስቴ ሎሬን ደግሞ አሁንም በየእሑዱ መኪናዋን እያስነሳች ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች ወይስ ቁልፉን ቀማችኋት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ዱሉዝ የሐይቁ ዳር በረዶ ገና አልለቀቀም። እኔም ያንኑ የከተማ አውቶቡስ እጠግናለሁ፤ እጄ እንደ ድሮው ጥቁር ነው።

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ «ደግሞ ምን ፈልጋ ነው?» ይሉ ይሆናል፤ አልፈርድብዎትም። እናቴን ስንቀብር ጎን ለጎን ቆመን እንኳ የተለዋወጥነው ሁለት ቃል ነው። እርስዎ «መንገዱ እንዴት ነበር?» አሉኝ፤ እኔ «ደህና» አልኩዎት። የምፈልገው ነገር አለኝ፤ መጨረሻ ላይ እነግርዎታለሁ። መጀመሪያ ግን ታሪኩን እስከ ዳር ያንብቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ2007 ግንቦት ከጦሩ ተሰናብቼ የመጣሁ ቀን ወረቀቱን የማድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። እርስዎ መነጽርዎን አድርገው ቆመው አነበቡት። «ከሙሉ ክብር በታች» የሚለውን አልፈውት ነበር፤ ዓይንዎ የቆመው ከታች፣ «ከልጅነቷ ጀምሮ ያለባት የባሕርይ መታወክ» የሚለው ላይ ነው። ከዚያ «በዚህ ቤት ውስጥ ምን በድለንሽ ነው ለባዕድ የተናገርሽው?» አሉኝ። እናቴ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ውሃውን ዘጋችው። እኔም በማግሥቱ ሄድኩ።

አባዬ፣ ስለ ቤታችን ለማንም አንዲት ቃል አልተናገርኩም። ያን ቃል የጻፈው የጦሩ ሐኪም የጠየቀኝ ስሜንና እንቅልፌን ነው። ግድግዳው ላይ ሰዓት ነበር፤ ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ስለ ልጅነቴ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። ይህን ያኔ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። ግን ይህን ከተናገርኩ «ታዲያ ምን ሆንሽ?» ማለትዎ አይቀርም፤ እሱን ለመመለስ አቅም አልነበረኝም። አሁን ልመልስዎት።

ኢራቅ እያለን፣ በኅዳር ወር፣ ነዳጅ አጅበን ስንሄድ አራተኛውን መኪና የምነዳው እኔ ነበርኩ። ከፊቴ ያለው የባልደረባዬ የኮርቴዝ መኪና ተመታና ወደ ጎን ወደቀ። ትእዛዙን ያውቁታል፤ ማንም አይቆምም። ኮርቴዝ በሬዲዮ «ሬባ፣ እግሬ ተይዟል፣ ድረሽልኝ» አለኝ። አጠገቤ የተቀመጠው አለቃዬ ሃምሳ አለቃ ማርቪን ኦክስ «ንጂ» አለኝ። ነዳሁ። ጉብታው እስኪጋርደን ድረስ ኮርቴዝ ስሜን ይጠራ ነበር። ወደ አገር ከተመለስን በኋላ መሪ ስጨብጥ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አሥራ አንድ ቀን ከጦር ሰፈሩ ጠፍቼ የአንዲት ጓደኛዬ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ተኛሁ። በራሴ እግር ተመልሼ ስገባ ወረቀቱ ተዘጋጅቶ ጠበቀኝ።

ከዚያ ወዲህ ያ ወረቀት ያልተከተለኝ ቦታ የለም። የትምህርት መብቴን ወሰደብኝ። ሥራ ስጠይቅ «የስንብት ወረቀትሽን አምጪ» በተባልኩ ቁጥር ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ትቼ እወጣ ነበር። ባለፈው ዓመት የጋራዡ ኃላፊነት ቦታ ሲከፈትም እንዲሁ ላደርግ ስል፣ የሥራ ባልደረባዬ ዱዌን ክንዴን ይዞ ግሬታ ሃልቮርሰን ወደምትባል፣ የቀድሞ ወታደሮችን በነጻ ወደምትረዳ ጠበቃ ወሰደኝ። ግሬታ አጭር፣ ሳቅ የማታበዛ ሴት ናት። ወረቀቱን አየችና «ስንብትን እንደገና ለሚመረምረው የጦሩ ቦርድ ማመልከት የሚቻለው አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላ ነው። ዘጠኝ ሳምንት ቀርቶሻል። እስካሁን የት ነበርሽ?» አለችኝ። «አውቶቡስ ሥር» አልኳት። «እንግዲያው ውጪ» አለችኝ።

ማመልከቻው በሰዓቱ ገባ። ግሬታ ግን የእኔ ቃል ብቻ እንደማይበቃ ነገረችኝ፤ ኮርቴዝ ከተመታበት ከዚያ መንገድ በፊትም በኋላም የሚያውቀኝ ሰው ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ስንብቴ ላይ የፈረመው ኦክስ። ሰሜን ዳኮታ ውስጥ የተማሪ አውቶቡስ እየነዳ እንደሚኖር አገኘነው። ሰባት ሰዓት ነድቼ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆሞ አየኝና «ሬባ ኮምብስ። ልትሰድቢኝ ከሆነ ግቢና ስደቢኝ፤ ጎረቤቶቼ ወሬ ይወዳሉ» አለኝ።

«ልሰድብህ አልመጣሁም። እንድትመሰክርልኝ ነው» አልኩት።

ሚስቱ ቤቨርሊ ምግብ አቀረበችልን፤ ሦስታችንም አልነካነውም። ኦክስ ሳህኑን እያየ ነገረኝ። ክፍሉ እንደገና ሊዘምት ነበር፤ የማይነዳ ሹፌር ቦታ መያዝ አልነበረበትም። የክፍሉ አዛዥ የነበረው ሻምበል የተተየበ ወረቀት አምጥቶ «ድሮም እንግዳ ጠባይ ነበራት ብለህ ፈርም» አለው፤ ፈረመ። «ለአንቺ ብቻ አይደለም። ለአራት ሰው ነው የፈረምኩት። ስማችሁ ብቻ ነው የሚለየው» አለኝ። ትመሰክራለህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «አስብበታለሁ» ብሎ ተነሳ። ስወጣ ቤቨርሊ እስከ መኪናዬ ሸኘችኝና «አሥራ አምስት ዓመት ነው ሲያስብበት የኖረው» አለችኝ።

ጉዳዩ የታየው ባለፈው ጥር በግሬታ ቢሮ፣ በስክሪን ነበር። አምስት መኮንኖች በአምስት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል። የኦክስ ሳጥን ጥቁር ነው። ስለ አሥራ አንዱ ቀን ጠየቁኝ፣ ተናገርኩ። አንዱ ኮሎኔል «ያኔ ለምን አልተናገርሽም?» አለኝ። «ጌታዬ፣ የጠየቀኝ አልነበረም» አልኩት። ግሬታ ሳታየኝ ከጠረጴዛው ሥር እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ሰብሳቢዋ ሰዓቷን አይታ «ምስክሩ ካልገባ እንዘጋለን» አለች። ግሬታ አምስት ደቂቃ ለመነች። አራቱ አለፈ።

ከዚያ ጥቁሩ ሳጥን በራ። ኦክስ የቆመ አውቶቡሱ ውስጥ ካፖርቱን እንደለበሰ ተቀምጧል፤ ስልኩን መሪው ላይ አስደግፎታል። ይቅርታ እንኳ አልጠየቀም። እንዲህ አለ፦ «ንጂ ያልኳት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን በፊት በቡድኔ ውስጥ የእሷን ያህል የማምነው ሹፌር አልነበረኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሰው ሆነች፤ እኔም ሌላ ሰው ሆኛለሁ። ስለ ልጅነቷ የማውቀው ነገር የለም። የማላውቀውን ነው የፈረምኩት።» ኮሎኔሉ «ይህ በራስህ ላይ የሚያመጣውን ታውቃለህ?» ብሎ ጠየቀው። «አውቃለሁ ጌታዬ። ልጆቹን የማሳፍርበት ሰዓት ደርሷል፤ ሌላ ጥያቄ አለ?» አለ። አልነበረም።

አሥራ አንድ ሳምንት ጠበቅን። ፖስታው ሲመጣ ጋራዥ ይዤው ሄድኩ፤ ብቻዬን መክፈት ፈርቼ ነው። ዱዌን ከፍቶ አነበበልኝ። ስንብቴ ሙሉ ክብር ሆኗል፤ የባሕርይ መታወክ የሚለው ምክንያት ተነሥቷል፤ «ከልጅነቷ ጀምሮ» የሚለው ቃል አዲሱ ወረቀት ላይ የለም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። እጄን ታጠብኩና ሳላደርቀው ቆምኩ። አባዬ፣ ደስታ ሳይሆን ንዴት ነው የመጣብኝ፤ በእነሱም፣ በራሴም፣ በእርስዎም። እርስዎ ሃያ ደቂቃ ያየኝን ሰው ነው ያመኑት፤ ሃያ ዓመት ያሳደጓትን ልጅዎን አላመኑም። ይህን ጽፌ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፤ በሦስተኛው ተውኩት።

አሁን ወደምፈልገው ልምጣ። ኦክስ የቀሩትን ሦስቱን እንፈልግ ብሎ ደወለልኝ። የአሥራ አምስት ዓመቱ ገደብ ቢያልፍባቸውም፣ ጊዜው ያለፈበትን የሚቀበል ሌላ ቦርድ እንዳለ ግሬታ ነግራናለች። አንዱ አሪዞና ነው፣ ማመልከቻውን ጀምሯል። አንዷ ስለዚያ ዘመን መስማት አልፈልግም ብላ ዘጋችብን። ሦስተኛው ካልቪን ስታምፐር ነው፤ በ2011 ራሱን አጠፋ። በእሱ ስም እናቱ ማመልከት ይችላሉ። ወይዘሮ ኦፓል ስታምፐር ይባላሉ፤ ጄሊኮ፣ ቴነሲ ነው የሚኖሩት፤ ከእርስዎ ቤት ሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። ደወልኩላቸው። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው «ልጄን በልጅነቱ ምን እንዳደረግኩት እስከ ዛሬ እያሰብኩ ነው። ወረቀቱ ላይ ከልጅነቱ ጀምሮ ይላል። እሱንም ጠይቄው ነበር፤ ምንም አላደረግሽኝም አለኝ፤ አላመንኩትም» አሉኝ። ሁላችንም ላይ የተጻፈው ያው ቃል እንደሆነ ለማስረዳት ሞከርኩ። «አንቺ ልጅ ነሽ፤ ልታጽናኚኝ ነው» አሉኝ። አልፈርምም፣ ያ ቃል ዳግመኛ ሲነበብ አልሰማም ብለዋል።

ወይዘሮ ኦፓል የእኔን ቃል አያምኑም፤ ልጅ ነኝና። የሚያምኑት ያንኑ ቃል አንብቦ ያንኑ ያሰበ ወላጅ ብቻ ነው። ግንቦት 13 ቅዳሜ ጠዋት መኪናዬን ይዤ ቤትዎ በር ላይ እቆማለሁ። የኦክስ ምስክርነት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ እሱን ያንብቡና ይወስኑ። ከመጡ፣ ለእኔ ይቅርታ ማለት የለብዎትም፣ በመንገዱም ማውራት የለብዎትም። ወይዘሮ ኦፓል ፊት ተቀምጠው «እኔም አምኜው ነበር፤ ሐሰት ነው» ቢሉልኝ ይበቃኛል። ካልመጡም ብቻዬን እሄዳለሁ፤ ወይዘሮ ኦፓል ግን በራቸውን የሚከፍቱልኝ አይመስለኝም።

ለዳርሊን፣ ስልኩን ደብቃ ስለምትደውልልኝ፣ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ ከእንግዲህ አትደብቅ። ኤርልን ጉንጩን ይሳሙልኝ። ለአክስቴ ሎሬን፣ መንገድ ላይ ካገኘኋት ቆሜ አሳልፋታለሁ ይበሉልኝ። እናቴ መቃብር ሲሄዱ ስሜን ይጥሩልኝ።

ልጅዎ ሬባ ኮምብስ
ዱሉዝ፣ ሚኒሶታ
ሚያዝያ 18 ቀን 2023 እ.ኤ.አ.