ሚስትህ ክፍል ጠየቀችኝ

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ከሱቄ

ለልጄ፣

ተናድጄም ቢሆን ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ መግባት አልሆነልኝም፤ እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ሰው ቤቱን እያፈረሰ አሮጌ በርና መስኮት እስከሸጠልኝ ድረስ የምበላው አላጣም።

ሚስትህ አብራኝ መኖር እንደምትፈልግ ነግሬህ ነበር። የተከራያችሁትን ቤት ባለቤቱ ሊያድሰው ስለሆነ ልቀቂ ብሏታል፤ እሷም መጥታ "ያንን ባዶውን ክፍል ያካፍሉኝ፤ የቤቱን ወጪ እኩል እንችላለን" አለችኝ። አንተስ በስልክ ምን አልከኝ? "እማ፣ እንዳትሞክሪው። ከእሷ ጋር አንድ ቤት የኖረ ሰው ያብዳል። እኔስ አገር ለቅቄ የወጣሁት ከማን ሸሽቼ ነው?"

አመንኩህ። ልጄ ነህ። ደግሞም እምቢ ለማለት የራሴ ምክንያት ነበረኝ፤ አባትህ ካለፈ ወዲህ ራዲዮዬን በፈለግኩት ሰዓት ከፍቼ፣ ድስቴን በፈለግኩት ቀን አጥቤ መኖር ለምዶብኛል። ጎረቤቴ መስታወት ቆራጩም ወሬውን ሲሰማ ሥራውን ጥሎ መጣ።

"እትዬ፣ አማትና ምራት በአንድ ማጀት?"

"ምን አለበት?"

"ምንም የለበትም። ለመስኮቶቻችሁ መስታወት አስቀድሜ ልቁረጥ ብዬ ነው።"

ሳቅኩ። እምቢ ልላትም ወስኜ ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ ግን የተከራያችሁት ቤት ባለቤት አሮጌዎቹን በሮች እንድገዛለት ጠራኝ። እኔ በር ስገዛ ቀለሙን አላይም፤ መቃኑን በጣቴ እየዳሰስኩ ነው የምገዛው። የመኝታ ቤታችሁ በር ላይ ጣቴ ቆመ። ከውስጥ በኩል፣ መቀርቀሪያው አጠገብ፣ እንጨቱ በስቱኮ ተደፍኖ ተቀብቷል። በጥፍሬ ፈቀፈቅኩት። መቀርቀሪያው ተገንጥሎ ከፍ ብሎ ተመትቷል፤ እንደገና ተገንጥሎ ዝቅ ብሎ ተመትቷል። መቃኑ ወደ ውስጥ ተሰንጥቋል። በውጭ በኩል ደግሞ ከእጀታው በታች የጫማ ተረከዝ የሚያህል ጉድጓድ አለ።

ሚስትህ አጠገቤ ቆማ ነበር።

"ይሄ ምን ሆኖ ነው?" አልኳት።

"ቁም ሳጥን ስናስገባ ነው፣ እማማ።"

"ቁም ሳጥን መቀርቀሪያ ገንጥሎ አይገባም፣ ልጄ።"

ባለቤቱ ሰምቶ እንዳልሰማ ወደ ግቢው ወጣ። እሷ "ስቱኮውን ራሴ ነኝ የሞላሁት" አለችኝ፤ "ሰው አይቶ እንዳይንቀው ብዬ።"

ሰማህ? አንተ ስሟን ስታጠፋ እሷ ያንተን ገመና ስትሸፍን ነበር።

ስናደድ እንደማልጮህ ታውቃለህ። የበሰበሰ እንጨት ቀለም ቀብቶ የሚያመጣልኝን ሰው ምንም ሳልናገር ዕቃውን መልሼ አሸክመዋለሁ። አንተን ግን ለማን እመልሳለሁ? ሥራ አድክሞህ ነበር አትበለኝ። ጠጥቼ ነው አትበለኝ። አንደበቷ ነው ያናደደኝ አትበለኝ። ሁሉንም ሰምቼዋለሁ፤ እንዲህ ያለ መቀርቀሪያም የማውቀው በር መነገድ ከመጀመሬ በፊት ነው።

ሌሎቹን በሮች ገዛሁ፤ ያንን ተውኩት። ስንወጣ "ክፍሉን እሰጥሻለሁ" አልኳት። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

"ልጅዎ ሲመጣስ፣ እማማ?" አለችኝ። "ያን ጊዜ እኔ የት እገባለሁ?"

የማጀቱን ተራ አስቤ ነበር፤ የመብራቱን ክፍያ፣ የእንግዳውን ነገር ሁሉ አስቤ ነበር። አንተን ከቤቴ ስለመከልከል ግን አስቤ አላውቅም። "አስቤበት ልንገርሽ" ብያት ተለያየን። ማታ ውሎዬን በምጽፍበት ደብተር ላይ ላሰፍረው ብዕር አንስቼ ተውኩት፤ አንተን የሚነካ ነገር ስለሆነ በቀጥታ ላንተ ልጽፈው አልኩ።

ዛሬ ጠዋት የምትሠራበት ፋርማሲ ድረስ ሄጄ መልሴን ሰጠኋት። እሁድ ትገባለች።

"ሳይታጠብ ያደረ ድስት አልወድም፤ አስቀድሜ ልንገርዎ" አለችኝ።

"ራዲዮ ቀንሺ የሚለኝን ሰው እኔም አልወድም" አልኳት።

መጣላታችን አይቀርም። ስንጣላ ግን እሷ ወደ ክፍሏ፣ እኔ ወደ ክፍሌ እንገባለን፤ ማንም ማንንም ተከትሎ አይገባም።

አንተ ስትመጣ ማደሪያህን ሌላ ቦታ ፈልግ። ሱቄ ና። ወንበር አወጣልሃለሁ፣ ምሳ አብረን እንበላለን፣ ዓይን ዓይንህን ሳይ እውላለሁ። ቤት ግን አትመጣም፤ እሷ ራሷ ይምጣ እስክትል ድረስ። እንዳግባባልህም አትለምነኝ።

ለብርዱ የገዛሁልህን ሹራብ ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ተናድጄ ነው የገዛሁት፤ ቢሆንም ልክህ ነው።

እግዚአብሔር ከክፉ ይሰውርህ፤ ሌላውንም ሰው ካንተ ክፉ ይሰውርልኝ።

ዛሬም የምወድህ፣
እናትህ