ትልቁ ጋን

ጥር 17 ቀን 1993 ዓ.ም.፣ ዘመሮ

ብቻዬን ጠላ ስጠምቅ የመጀመሪያዬ ነው። ገብሱን የቆላሁትም፣ ብቅሉን የፈጨሁትም፣ ጋኑን በወይራ ያጠንኩትም አማቴ አልጋ ላይ ሆነው እየነገሩኝ ነው።

ጠላው ለማርያም ማኅበር ነው፤ ዘንድሮ ተራው የኛ ነው። ማኅበርተኞቹ አሥራ ሁለት ሆነው ሳለ ትልቁን ጋን አስወጡኝ።

«እማማ፣ ይሄን ሁሉ ማን ይጠጣዋል?» አልኳቸው።

«ሰው ይበዛል፣ ልጄ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ያን ቀን አልገባኝም ነበር። ትናንት የመገነዣቸውን አቡጀዲ ከሣጥን ሲያስወጡኝ ነው የገባኝ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሱም። የሚጠይቁኝ «ደረሰ?» እያሉ ብቻ ነው።

ዛሬ ጧት የጋኑን ምርጊት ከፍቼ ቀመስኩት። ደርሷል፤ ለጀማሪ ግሩም ወጥቶልኛል። መልሼ መረግሁት።

«ገና ነው፣ እማማ» አልኳቸው።